በመስኮት የተሰማው ግማሽ ትምህርት

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ያ ቀበቶ አሳረፈህ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየያዝክ ነው የምትነሣው? ባለቤትህ የደም ግፊቷ ወረደላት? ሁለቱ ጎረምሶች በትምህርታቸው እንዴት ናቸው? የትንሹስ ጥርስ ተስተካከለ? አማትህ ዐይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ሰው መለየት ጀመሩ? ብናደድም ይህን ሳልጠይቅ ደብዳቤ አልጀምርም፤ የሁላችሁም ጤና ያሳስበኛል። እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። ቤቱም ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ፤ የጓሮው በርም አሁን በትከሻ ሳይገፉት ይዘጋል።

ሰላምታዬ ለጊዜው እዚህ ላይ ይቁም። የሚቀጥለው ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው። ትናንት ስደውልልህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ፣ እትዬ ልጄን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ጎረቤታችን ነርሷ ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ስለምትበር በእጇ ልኬዋለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት ይደርስሃል። ዓርብ ጠዋት ልጅህ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ትገባለች። እዚያ የሚጠብቃት ወረቀት፣ ተማሪዎች ወላጆቻቸውን እንዲሰድቡ በማድረጌ ጥፋተኛ ነኝ፣ ወደፊት ከመጽሐፉ ውጭ አንዲት ነገር አላስተምርም የሚል ነው። ከፈረመች በማግስቱ ሥራዋን ለቃ አንተ ወዳገኘህላት እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ትመጣለች። ክፍል ውስጥ ተመልሼ መቆም አልችልም ብላኛለች። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ስልክ እንዳታነሣ።

አንተ ያየኸው አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። አንድ ረጅም ልጅ ስለ አባቱ ይናገራል፣ ሰው ይስቃል፣ ያበቃል። በየዘመዱ ስልክ ዞሮ ዞሮ አንተ ዘንድ ሲደርስ፣ "የእገሌ ልጅ የምታስተምረው ይህን ነው" የሚል ታክሎበት ነበር። አንተም ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ ብለህ አልጠየቅህም። እኔ ጠይቄአለሁ። የጠየቅሁትንም በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ግን የኅብረተሰብ ትምህርትን እኔና አንተ እንዴት እንደተማርን አስታውስ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይሞላዋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ እሱ ያጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። የጠመኔው ብናኝ ከትምህርቱ ይልቅ ገብቶናል። አንተ የዜጋን ግዴታዎች አንድ በአንድ በቃልህ ወጥተህ ከመቶ መቶ አመጣህ። በዚያው ሳምንት እናታችን በራፋችን ላይ የተደፈነውን ቦይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጥረግ ብትልህ፣ የኔ ተራ አይደለም ብለህ ሦስት ቀን ተደበቅህ። ግዴታዎቹን ግን ዛሬም ብጠይቅህ ትደረድራቸዋለህ።

ልጅህ እንዲህ አታስተምርም። የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ "የጋራ ችግርን በውይይት መፍታት" የሚል ምዕራፍ አለ። ያንን ልታስተምር ስትነሣ ዕቅዷን አምጥታ አሳየችኝ። ታውቀኛለህ፣ ለዘመድ አላዳላም፤ አራት ቦታ ላይ በቀይ አርሜ መለስኩላት። እሷም አስተካክላ እንደገና አመጣችው። የመረጠችው የጋራ ችግር ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ተለጥፎ ያለውን የብየዳ ቤት ነበር። በርና መስኮት የሚሠራ ትልቅ ቤት ነው። ብረት የሚቆርጠው ማሽን ሲነሣ በዚያ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ አስተማሪ አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፁ አይሰማም። የማይማረርበት ሰው የለም፤ ነገር ግን በውል ያወራበትም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረገችው ተማሪዎቹን ወረቀትና እርሳስ አስይዛ ማውጣት ነው። ግቢውንና ዙሪያውን እየዞሩ እያንዳንዳቸው ካርታ እንዲሠሩ አደረገች። ካርታዎቹ ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ሁሉም ተሳሳቀ። መስኮት አጠገብ የሚቀመጡት ልጆች የብየዳ ቤቱን ከትምህርት ቤቱ አስበልጠው ስለውታል። ማዶ በኩል የሚቀመጡት ደግሞ የክብሪት ቀፎ አሳክለውታል። እሷም ማን ዋሸ ብላ ጠየቀቻቸው። ክፍለ ጊዜው በሙሉ በዚህ ጥያቄ አለቀ፤ በመጨረሻም ማንም አልዋሸም፣ ሁሉም ከተቀመጠበት ሆኖ ነው ያየው ብለው ተስማሙ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፌ ለማስተማር ስንት ጊዜ እንደደከምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀጥላ ለጥያቄ ላከቻቸው። የብየዳ ቤቱን ሠራተኞች፣ ጎረቤቱንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች ስለ ማሽኑ ጩኸት አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲጠይቁ፣ የተባሉትንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንዲጽፉ ነበር። ዘበኛው እኔስ ማሽኑ ሲቆም ነው ደንግጬ የምነቃው ብሎ ራሱን አጋልጧል፤ እሱም ሳይቀነስ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ መጣ። የብየዳ ቤቱ ይነሣ የሚልና ይቆይ የሚል ጎራ ነበር። ነገር ግን ልጅህ ሁለት ደንብ አወጣች። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚከራከረው ለማያምንበት ወገን ነው። ይነሣ የሚለው ይቆይ ብሎ ይቆማል፣ ይቆይ የሚለውም ይነሣ ይላል። ሁለተኛው፣ ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረው ያለውን በራሱ ቃል ይደግምለታል፤ ያኛው "አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው" እስኪል ድረስ ተራው አይደርሰውም። ይህን ሁለተኛውን ደንብ ሳነብ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩት። በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ አላሰብኩትም ነበር።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልምጣ። ረጅሙ ልጅ የባለ ብየዳ ቤቱ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር የሚውል፣ ሲያድግ ያንኑ እሠራለሁ የሚል ልጅ ነው። እንዲቆይ ከልቡ ስለሚፈልግ፣ በደንቡ መሠረት ይነሣ ብሎ ቆመ። ዕለቱ ካርድ የሚሰጥበት ነበር። ወላጆች የሚገቡት ደወል ከተደወለ በኋላ ነው፤ ዝናብ ስለመጣ ግን ዘበኛው አዝኖላቸው አስገባቸውና ክዳኑ ሥር፣ መስኮቶቹ አጠገብ ተደረደሩ። አባትየውም እዚያው ቆመ። ልጁ የሰበሰበውን መልስ እየጠቀሰ ደህና ሲናገር ቆይቶ፣ ነገሩ ሞቀበትና እንዲህ አለ፦ "አባቴ ቤት ሲገባ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ድሮ የተቆጣ ይመስለኝ ነበር። አልተቆጣም፣ ጆሮውን ማሽኑ ስለጎዳው ነው። ነገ እኛም እንደ እሱ እንሆናለን።"

በመስኮት ያሉት ሳቁ። አንዲት እናት ስልኳን ደግና ትቀርጽ ነበር። ያንተ ቪዲዮ እዚያ ላይ ያልቃል። አባትየውም እዚያ ላይ ጥሎ ሄደ።

ትምህርቱ ግን አላለቀም። ልጅህ ወዲያው አስቆመችው። የቤት ገመና እዚህ አይወጣም፣ በሰበሰብከው ብቻ ተናገር አለችው፤ ልጁም ቀልቶ ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ የተነሣችው መስኮት ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ናት። በዚያ ማሽን ጩኸት ራሷን እያመማት ከክፍል የምትወጣው እሷ ናት፤ ደንቡ ግን ይቆይ ብላ እንድትከራከር አዟታል። መጀመሪያ የልጁን ነገር ደገመችለት፤ አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው አላት። ከዚያ ይህን የተቀመጥንበትን ዴስክ የበየደው ማን ነው አለች። አጥራችን ሲሰበር የምንጠራው ማንን ነው? እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ልጆችስ እዚሁ ክፍል ውስጥ የሉም ወይ? ሂድ ከምንለው፣ መቁረጡን እኛ ከወጣን በኋላ፣ ድምፅ የሌለውን ሥራ ጠዋት እንዲያደርገው ብንጠይቀውስ? ክፍሉ ድምፅ ሰጥቶ በዚህ ተስማማ። ባለ ብየዳ ቤቱን በትሕትና የሚጠይቁ ልጆችም ተመረጡ፤ አንዱ የገዛ ልጁ ነው። አባትየው ግን ያን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቆሞ ይጮኽ ነበር።

ርዕሰ መምህሩን አታውቀውም፣ ላሳውቅህ። በኮሪደሩ እየሄደ በየበሩ ጆሮውን ይደቅናል፤ ድምፅ የማይሰማበት ክፍል የሚማር ክፍል ይመስለዋል። ልጅህን ጠርቶ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቃት፣ በዚያው ቀን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። በማግስቱ ወረቀቱን ሰጣት። ልጆቹንም ወደ ብየዳ ቤቱ ዝር እንዳትሉ ብሎ ከለከላቸው። እኔ ቢሮው ሄድኩ። ወንበር ሰጥቶ፣ እናቴ እያለ በአክብሮት አናገረኝ። ልጅቱ ትጉህ ናት፣ ነገር ግን ያስተማረችው መጽሐፉ ውስጥ የለም አለኝ። መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ምዕራፉን ገለጥኩና ርዕሱን አስነበብኩት። ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እናቴ፣ ርዕሱ ይነበባል እንጂ ይሠራል አልተባለም።" እዚያ ቢሮ ውስጥ የተሰማኝን አልጽፈውም። መጽሐፉን ባነሣሁበት ቦታ መልሼ ወጣሁ።

ይህን ሁሉ ልጅህ ችላዋለች። አልፈርምም ብላ ነበር። ያደረገችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየጻፈች፣ እኔም ነጠላ ሰረዟን እያረምኩላት ነበር። እሑድ ዕለት አንተ እስክትደውል ድረስ።

እሳት ለብሰህ እሳት ጎርሰህ ደወልክ። ድምፅህ ከስልኩ አልፎ ማጀት ድረስ ይሰማል። ሰው አባቱን እንዲያዋርድ የምታስተምር ልጅ አልወለድኩም አልካት። ስሜን አስጠራሽው አልካት። የቀረበልሽን ወረቀት ፈርመሽ ነይ፣ ካልፈረምሽ አባት አለኝ እንዳትዪ አልካት። ቁም ሣጥኑን ተደግፋ ቆማ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ፊት ዐይኗን ያልሰበረችው ልጅ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "እሺ አባዬ" አለች። ስልኩን ስትዘጋ እጇን እንኳ ከቁም ሣጥኑ ላይ አላነሣችም። እኔን እስካሁን የሚያቃጥለኝ ያ "እሺ" ነው። እኔ ዘንድ ማደግ ከጀመረች ወዲህ ሳይገባት እሺ ብላ አታውቅም።

ያንተን ነገር ደግሞ አላዛባብህም። ያላልከውን፣ ግን በሆድህ የያዝከውን ልንገርህ፤ ካጎደልኩ አርመኝ። ልጅህ ከአንተ ሩቅ ናት፤ ጠላት ካፈራች ደርሰህ አታስጥላትም። አንተ ራስህ ያኔ በአለቃህ ላይ እውነት ተናግረህ ከሥራ ስትባረር ማንም ከጎንህ አልቆመም። ሚስትህን ነፍሰ ጡር ይዘህ ከቤት ወደ ቤት ተንከራተትክ። እሷ ያንን እንዳታይ ትፈራለህ። ዝቅ ብላ ትለፍ፣ ቀን ይለፍላት ነው የምትለው። ይህ ነው አይደል? ይህንን ብትላት ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ፈርቼልሻለሁ ማለት አቅቶህ አዋረድሽኝ አልካት። ፍርሃትህን ቁጣ አልብሰህ ሩቅ ያለች ልጅ ላይ ጣልከው። ደፋር ነኝ ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል።

ሰኞ ዕለት ደግሞ እኔ ባለ ብየዳ ቤቱ ዘንድ ሄድኩ። አንተ እሱ ልጅህን የሚበላት አውሬ መስሎሃልና ልብ ብለህ አንብብ። ማሽኑ እስኪቆም ውጭ ጠበቅሁ። ሲያየኝ በርጩማ በጨርቅ ጠርጎ አቀረበልኝ። የአስተማሪዋ አክስት ነኝ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ፣ ግን ውጪ አላለኝም። ሰምተኸው የሄድከው ግማሹን ነው ብዬ የቀረውን ሁሉ ነገርኩት፤ ልጁን እንዴት እንዳስቆመችው፣ እንዴት ይቅርታ እንደጠየቀ፣ ያቺ ልጅ ምን እንዳለች፣ በምን እንደተስማሙ። ሲያዳምጥ ቆይቶ የልጅቱን እንደገና ንገሪኝ አለኝ። ደገምኩለት።

"ያቺ መስኮት ጥግ ያለችው? ጆሮዋን ይዛ የማያት?" አለ።

እሷው ናት አልኩት። ጓንቱን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በዚያ ከፍ ባለ ድምፁ የነገረኝ ይህ ነው። የተናደድኩት በልጄ አልነበረም፣ በሳቁት ሰዎች ነው። ስለ ጆሮዬ ልጁ ያለው ልክ ነው፤ ለሐኪም ያልነገርኩትን እሱ አወቀብኝ። በማግስቱ ንዴቴ ሲበርድ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ተወው ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ወረቀቱ ወጥቷል፣ የወጣ ወረቀት አይመለስም ብሎ ሸኘኝ። ልጆቹ አንድ ነገር ሊጠይቁህ ይመጣሉ ብሎ ልጄ ነግሮኝ ስጠብቅ ደግሞ የሚመጣ ጠፋ አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ከልክሏቸው ነው አልኩት። በሉ እኔ ጠርቼ እጠይቃቸዋለሁ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከአጥሩ ሳልርቅ ማሽኑ እንደገና ተነሣ፤ ጆሮዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይኸውልህ እንግዲህ። ተሰደብኩ ያለው ሰው ራሱ ትቶታል። አሁን ነገሩን ይዘው የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ወረቀቱን መመለስ ያፈረ ሰው ነው፣ ሁለተኛው አንተ ነህ። እሱ ብቻውን አያስፈርማትም። ሞክሮ አይቶታል። የምታስፈርማት አንተ ነህ። ትናንት ጽሑፍሽን ለምን አትጨርሺም ብዬ ስጠይቃት፣ "አክስቴ፣ አባዬ ካኮረፈኝ ክፍል ውስጥ ቆሜ ምን አስተምራለሁ?" አለችኝ። ርዕሰ መምህሩ ሊያጎብጣት ያልቻለውን ልጅ አንተ በአንድ ስልክ አጎበጥካት።

ከአንተ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ለእኔም ለእሷም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ደውልላት። ስለ ርዕሰ መምህሩ አታንሣ፣ ስለ ወረቀቱ አታንሣ፣ ስላገኘህላት ሥራም አታንሣ። ያን ቀን ምን አስተማርሽ ብለህ ጠይቃት። ከዚያ እስክትጨርስ ዝም በል። ለአንተ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ትችላለህ። ከጨረሰች በኋላ አሁንም ትፈርም ዘንድ ከፈለግህ፣ ምክንያቱን ንገራት፤ እውነተኛውን፣ ፍርሃትህን። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእሷ ነው፣ ብትፈርምም እኔ አንዲት ቃል አልጨምርም። ያልሰማኸውን ትምህርት ግን አጥፍቼዋለሁ ብላ እንድትፈርም አታድርጋት።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጨው ትቀንስ፣ መድኃኒቱን ሻል ሲላት አታቋርጥ። ትልቁን ጎረምሳ ፀጉሩን ተቆርጦ ፎቶ ይላክልኝ በለው። ትንሹን ጥርሱ ላይ የታሰረውን ሽቦ በምላሱ አይነካካ፣ ይጣመምበታል በለው፤ ግንባሩን ሳምልኝ። ለአማትህ በእኔ ቦታ ጉልበት ሳምልኝ፤ ዐይናቸው ከበራ ዘንድ የላኩላቸውን ፎቶ አሳያቸው። አንተም ከባድ ነገር ጎንበስ ብለህ አታንሣ፤ ብናደድብህም ወገብህ ወገቤ ነው።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ቤት ናት። ይህን ደብዳቤ እንደጻፍኩልህ አታውቅም፣ ነርሷንም አደራ ብያታለሁ። ከደወልክ፣ አባዬ ከራሱ አስቦ ደወለልኝ ብላ ታስብ። ያንን ከአንተ ላይ አልወስድብህም።

በጣም የተቆጣችህ፣ የምትወድህ እህትህ

ከአባታችን ቤት
ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን